የታይ ተራራን በእግር ወጥቶ በአናቱ ላይ ለማደር፦ የጉዞ ዕቅድ አወጣጥ

[ምስል፦ ከታይአን ከተማ በስተ ሰሜን የሚታየው የተራራው ግንባር]

ጤና ይስጥልን። በዚህ ዝግጅት በቻይና ሻንዶንግ ክፍለ ሀገር የሚገኘውን የታይ ተራራን፣ ቻይናውያን ታይሻን የሚሉትን፣ በእግር ለመውጣት የሚያስብ ሰው ጉዞውን እንዴት ማቀድ እንደሚገባው እናብራራለን። ቻይና ደርሶ የሚያውቅ ሰው ይህን ተራራ ሳያስተውለው በእጁ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ በአምስት ዩዋን ኖት ጀርባ ላይ የታተመው ሥዕል የዚሁ ተራራ ነውና። በቻይና ከሚከበሩት አምስት ታላላቅ ተራሮች መካከል ታይ የምሥራቁ ሲሆን፣ በክብርም ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል። የመጀመሪያው የቻይና ንጉሠ ነገሥት ቺን ሺ ኋንግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ219 ዓመት ለሰማይና ለምድር መሥዋዕት ለማቅረብ ወጥቶበታል፤ ከእርሱም በኋላ ሌሎች ነገሥታት ተከትለውታል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1987 በባህልም በተፈጥሮም የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል።

ዕቅድ ከማውጣታችን በፊት የተራራውን ጠባይ እንወቅ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ከፍታው 1,545 ሜትር ነው። ይህ ከአዲስ አበባ በብዙ ዝቅ የሚል ከፍታ ስለሆነ፣ በደጋ ያደገ ተጓዥ አየሩ ይሳሳብኛል ብሎ የሚሰጋበት ምክንያት የለም። ነገር ግን በተራራው ሥር ያለችው የታይአን ከተማ ራሷ በዝቅተኛ ሜዳ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ፣ ከተራራው ግርጌ እስከ አናቱ ያለው ሽቅብ 1,300 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህም ሽቅብ የአፈር መንገድ ሳይሆን ከ6,000 በላይ የድንጋይ ደረጃ ነው። ስለዚህ ፈተናው የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ነው። በእንጦጦ ዳገት መሮጥ የለመደ ሰው እንኳ ደረጃ ለሰዓታት መውጣትና በተለይም መውረድ ሌላ ዓይነት ድካም እንዳለው ሊያውቅ ይገባል። ከጉዞው በፊት ባሉት ሳምንታት የፎቅ ደረጃ መውጣትና መውረድ ከማንኛውም ልምምድ ይበልጥ ይጠቅማል።

ቀጥሎ የሚመጣው የወቅት ጉዳይ ነው። የተራራው ዋና ዝናብ የሚወርደው እንደ እኛው አገር በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ በዚያን ጊዜ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ነጎድጓድም ይበዛል፣ አናቱም ብዙውን ጊዜ በጉም ይሸፈናል። ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደግሞ ሰማዩ ጥርት የሚልበት ቢሆንም፣ በአናቱ ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች በብዙ ዝቅ ይላል፤ ደረጃውም በረዶ ሊይዝ ይችላል። በእኛ ግምት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው የሚሻለው ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ወሩ መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው። ከሁሉ በላይ መሸሽ የሚገባው የቻይና ብሔራዊ በዓላትን ነው። ከመስከረም 21 ጀምሮ ያለው ሳምንትና የሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ሰሞን፣ ጠባቡ ደረጃ በሕዝብ ስለሚጨናነቅ ሰው በራሱ ፍጥነት መራመድ እንኳ አይችልም።

[ምስል፦ ሌሊት በደረጃው ላይ የሚንቀሳቀሱ የእጅ ባትሪ መብራቶች]

አሁን የዕቅዱ ሁሉ መሠረት ወደሆነው ውሳኔ እንምጣ፤ እርሱም በሌሊት መውጣት ወይስ በቀን ወጥቶ ማደር የሚለው ነው። በቻይናውያን ወጣቶች፣ በተለይም በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ የተለመደው፣ ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ከግርጌ ተነሥቶ ሌሊቱን ሙሉ ወጥቶ፣ ፀሐይ ስትወጣ አናቱ ላይ መገኘት ነው። የሆቴል ወጪ ያድናል፤ በሞቃታማ ወራትም ከሙቀት እፎይታ ይሰጣል። በቻይና የሚማሩ ኢትዮጵያውያንም ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር በዚህ መንገድ እንዲሄዱ ቢጋበዙ የሚያስደንቅ አይሆንም። ሆኖም ይህን አካሄድ ለመጀመሪያ ጉዞ አንመክርም። የታይ ተራራ ዋና ሀብቱ በመንገዱ ዳርና ዳር በዐለት ላይ የተቀረጹት ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ጽሑፎች፣ አሮጌዎቹ የጥድ ዛፎችና ቤተ መቅደሶቹ ናቸው፤ በሌሊት የሚወጣ ሰው ከእነዚህ ሁሉ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ደረጃ ብቻ ነው። በዚያም ላይ ፈጥኖ የደረሰ ሰው ላብ ባራሰው ልብስ ንጋትን በነፋስ መካከል መጠበቅ ይኖርበታል፤ ሰው ለሕመም የሚጋለጠውም በዚህ ጊዜ ነው። በቀን ወጥቶ አናቱ ላይ ማደር ገንዘብ ያስወጣል፤ ነገር ግን ተራራውንም ንጋቱንም ይሰጣል።

ስለ ሰዓት አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። በዚህ ዝግጅት የምንጠቅሰው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት ስንል በባቡር ትኬት ላይ 07:00 ተብሎ የሚጻፈው ነው። የስልካችሁን ሰዓት በቻይና ሰዓት ላይ አድርጉና ከትኬቱ ጋር አስተያዩ።

ወደ ታይአን የሚወስደው ምቹ መንገድ ፈጣኑ ባቡር ነው። ከቤይጂንግ 2 ሰዓት ያህል፣ ከሻንግሃይ ከ3 ሰዓት በላይ፣ ከክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ከጂናን ደግሞ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ይፈጃል። እዚህ ላይ እንግዳ የሚያሳስቱ ሁለት ስሞች አሉ፦ ታይአን የሚባለው ጣቢያ ከከተማው በስተ ምዕራብ ያለው የፈጣኑ ባቡር ጣቢያ ሲሆን፣ ታይሻን የሚባለው ጣቢያ ግን በከተማው ውስጥ ያለው የቀድሞው የመደበኛ ባቡር ጣቢያ ነው። ትኬት ስትገዙ የትኛው እንደተጻፈ ለይታችሁ እዩ። የባቡሩም የተራራው መግቢያም ትኬት የሚገዛው በስም ስለሆነ ፓስፖርታችሁ ከእናንተ አይለይ። የመግቢያ ትኬቱን አስቀድሞ መያዝ ይሻላል፤ ዋጋው እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ በምትሄዱበት ሰሞን አረጋግጡ። በአናቱ ላይ ያሉት ሆቴሎች ጥቂቶችና ውድ ናቸው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቀድመው ይያዛሉ። ክፍል ስትይዙ የውጭ አገር ዜጋ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቁ። አብዛኛው ክፍያ በስልክ በመሆኑ፣ አሊፔይን ወይም ዊቻትን ከባንክ ካርዳችሁ ጋር አስቀድማችሁ አያይዙ፤ የስልክ ባትሪ መሙያም ያዙ፤ ጥቂት ጥሬ ገንዘብም አይጠፋባችሁ።

ሻንጣችሁን በከተማው ሆቴል አስቀምጡ። በጀርባ የሚያዘው ውኃ፣ ምግብ፣ በላይ በላይ የሚደረብ ልብስ፣ ጓንት፣ የግንባር ባትሪና የዝናብ ልብስ ነው። ዣንጥላ በዚያ ነፋስ አይጠቅምም። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ቅዝቃዜው በየሺህ ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ ከተማው ውስጥ በቂ የመሰለው ሹራብ አናቱ ላይ አይበቃም። አዲስ ጫማ ግን ከቶ አታድርጉ።

[ምስል፦ የሆንግመን ቅስት በር፣ ከበስተጀርባው ደረጃው]

ወደ ተራራው የሚያስገቡ በርካታ መንገዶች አሉ። ከትየንዋይ መንደር አውቶቡስ እስከ ተራራው ወገብ ያደርሳል፤ በምዕራብ በኩል በኬብል ካር፣ ማለትም በሽቦ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ በሚሄድ ሳጥን፣ የሚወጣበት መንገድ አለ፤ በስተ ኋላ ያለው የትየንጁ መንገድ ጭር ያለና አድካሚ ነው። ለእግረኛ ግን ነገሥታቱ የሄዱበት፣ ከሆንግመን ማለትም ከቀዩ በር የሚነሣው ማዕከላዊ መንገድ አቻ የለውም። የሚቻላችሁ ከሆነ በዋዜማው በከተማው ውስጥ ያለውን የዳይ ቤተ መቅደስ ጎብኙ፤ ነገሥታቱ ወደ ተራራው ከመውጣታቸው በፊት ሥርዓት የሚፈጽሙት በዚያ ነበርና። በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከቀዩ በር ተነሡ። ከዚያ እስከ ናንትየንመን፣ ማለትም እስከ ደቡባዊው የሰማይ በር፣ በርካታ ኪሎ ሜትር ነው፤ ዕረፍቱን ጨምሮ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ያዙለት።

የመጀመሪያው ክፍል በጥላ ሥር የሚሄድ፣ ቀለል ያለ ሽቅብ ነው። በዚህ ክፍል ከዋናው መንገድ ትንሽ ወጣ ብሎ የሚገኘውን የጂንግሺዩ ሸለቆን አትለፉት። አብዛኛው ሰው አናቱን ሲያስብ አልፎት ይሄዳል፤ እኛ ግን ከመንገዱ ሁሉ እጅግ የሚገርመው ይህ ነው ብለን እናምናለን። ሰፊ፣ ተዳፋት የሆነ የወንዝ አልጋ ዐለት ላይ፣ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ዳይመንድ ሱትራ የተባለው የቡድሃ እምነት ቅዱስ ጽሑፍ ተቀርጿል። እያንዳንዱ ፊደል ግማሽ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ የፊደሉ መስመር ወፍራምና ክብ ነው፤ በቅርብ ለሚያየው ሰው በእርጥብ ጭቃ ላይ በጣት የተጻፈ ይመስላል። ውኃ ለዘመናት ስላለፈበት ከግማሽ የሚበልጠው ጠፍቷል፤ ቢሆንም አንድ ሺህ ያህል ፊደላት እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ከጎን ስትመለከቱት፣ ጽሑፉ ወደ ዳር በሄደ ቁጥር እየፈዘዘ፣ በመጨረሻም ከዐለቱ ጋር እየተመሳሰለ ሲሄድ ታያላችሁ።

በተራራው ወገብ፣ በ847 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጆንግትየንመን፣ ማለትም መካከለኛው የሰማይ በር፣ ይገኛል። አውቶቡሱ ሰው የሚያወርደውም፣ ኬብል ካሩ የሚነሣውም ከዚህ ነው። እዚህ ቁጭ ብላችሁ ራሳችሁን መርምሩ፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ቀሪውን በኬብል ካር ቢጨርስ ብልህነት ነው። ምግብ ይሸጣል፤ የሻንዶንግ ሰዎች ከጥሬ ሽንኩርት ጋር ጠቅልለው የሚበሉት ከእህል ዱቄት የተጋገረው ስስ ጂየንቢንግ ለመንገድ ይስማማል። የጾም ወቅት ከሆነ የታይአን ሰዎች የሚኮሩበት ቶፉ፣ ማለትም ከአኩሪ አተር የሚሠራ ምግብ፣ እና ጎመን አለላችሁ፤ በአሳማ ስብ አለመሠራቱን ግን ጠይቁ። ሽቅብ በሄዳችሁ ቁጥር የውኃና የምግብ ዋጋ ይጨምራል፤ ቁጥራቸው ዛሬ ቢቀንስም፣ ከባድ ሸክም በዘንግ ጫፍና ጫፍ አንጠልጥለው በትከሻቸው የሚያወጡ ሠራተኞች እስካሁን አሉና። ከኋላችሁ ሲመጡ ከሰማችሁ ፈጥናችሁ መንገድ ልቀቁላቸው፤ ከባድ ሸክም የተሸከመ ሰው በደረጃ መካከል እንዲቆም ማስገደድ ነውርም አደጋም ነው።

ከጆንግትየንመን ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ቺን ሺ ኋንግ ከዝናብ ተጠልሎበት ማዕረግ ሰጠው የሚባለው የጥድ ዛፍ ስፍራ አለ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሺባፓን፣ አሥራ ስምንቱ ጥምዝ የሚባለው ክፍል ነው። ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ ከ1,600 በላይ ደረጃዎችና 400 ሜትር ያህል ሽቅብ አለው። ከታች ሲያዩት የደቡባዊው በር ቀይ ግንብ በሁለት ገደሎች መካከል ትንሽ ሆኖ ይታያል፤ ደረጃውም ቀጥ ብሎ ወደ እርሱ ይወጣል። እዚህ ላይ የሚያዋጣው ዝግ ያለ፣ የማይቋረጥ እርምጃ ነው፤ ፈጥኖ ወጥቶ ደጋግሞ የሚቆም ሰው ይበልጥ ይደክማል። የደረጃዎቹ መርገጫ ጠባብ ስለሆነ እግራችሁን በመጠኑ ወደ ጎን አድርጋችሁ ርገጡ፤ ድጋፉንም ያዙ። ፎቶግራፍ ለማንሣት ወደ ኋላ እየተራመዱ መቆም በዚህ ስፍራ ፈጽሞ አይገባም።

[ምስል፦ የቢሽያ ቤተ መቅደስ ጣሪያ]

ከበሩ በኋላ መንገዱ ይለዝባል። ሆቴላችሁ ገብታችሁ እርጥብ ልብስ ለውጡ፤ ከዚያም ቀሪውን ብርሃን ለጉብኝት አውሉት። የቢሽያ ቤተ መቅደስ በቻይና ሴቶች ዘንድ እጅግ የምትከበረው የተራራዋ እመቤት ስፍራ ነው፤ ልጅና የልጅ ልጅ ለመለመን ከሩቅ የሚመጡ እናቶች ዕጣን ሲያጤሱ ታገኛላችሁ። ለእነርሱ ይህ ጸሎት እንጂ ትርኢት ስላልሆነ፣ ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡአቸው። ነፋሱ የሸክላ ክዳን ስለሚያነሣ የዋናው አዳራሽ ጣሪያ የተከደነው በነሐስ ነው። ከቤተ መቅደሱ በላይ የታንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ሽዋንዞንግ እ.ኤ.አ. በ726 ያስቀረጸው፣ ከ13 ሜትር በላይ የሚቆም፣ ፊደሉ በወርቅ የተለበጠ የዐለት ጽሑፍ አለ። ከፍተኛው ነጥብ ላይ ባለው ቤተ መቅደስ ደጃፍ ደግሞ አንድም ቃል ያልተጻፈበት ረጅም ሐውልት ቆሟል፤ ማን እንዳቆመው ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ንጋቱን በሚመለከት፣ ፀሐይ በሰኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ፣ በጥቅምት አጋማሽ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ደግሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አልፎ ትወጣለች። ከዚያ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ወደ ምሥራቃዊው የሪጓን ጫፍ ሂዱ። ወፍራም ካፖርት በኪራይ ይገኛል፤ ሳትጠራጠሩ ተከራዩ። ደመና ከሸፈናት ፀሐይዋን ላታዩአት ትችላላችሁ፤ በቀን የወጣ ሰው ግን ያን ጊዜም ጉዞው ባዶ አይቀርበትም። በገደሉ ዳር ካለው ድጋፍ አልፋችሁ አትቁሙ። አደጋ ቢደርስ ለአምቡላንስ 120፣ ለፖሊስ 110 ይደወላል።

ለመውረድ ኬብል ካሩን እንድትጠቀሙ አጥብቀን እንመክራለን። በደረቅ ድንጋይ ላይ 6,000 ደረጃ መውረድ ጉልበትን ከመውጣቱ ይበልጥ ይጎዳል፤ የሺባፓን ቁልቁለትም በደከመ እግር አደገኛ ነው። ይሁን እንጂ ኬብል ካሩ ነፋስ ሲበረታና መብረቅ ሲኖር ይቆማል፤ ከንጋት በኋላም ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚሰለፍ ወረፋው ይረዝማል። ስለዚህ ቁርሳችሁን ረጋ ብላችሁ ብሉ፤ የመልስ ባቡራችሁንም ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ያዙ፤ በእግር ለመውረድ ብትገደዱ እንኳ ሳትሮጡ ጣቢያ ትደርሳላችሁ።