«የለም» ማለትም መልስ ነው

የተከበራችሁ የስብሰባው ተሳታፊዎች፣

የራሱን የዶሜይን ስም ገዝቶ ኢሜይል የሚያዘጋጅ ሰው አንድ ምርጫ ይጠብቀዋል፤ ካች ኦል ይሉታል፣ ሁሉን ተቀባይ አድራሻ ማለት ነው። ከአት ምልክት በፊት የፈለገው ስም ይጻፍ፣ ከምልክቱ በኋላ ያለው የእኛ ዶሜይን ከሆነ መልእክቱ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባል። አንድም ደብዳቤ አይጠፋብንም ብለን እናበራዋለን። እኔም አብርቼው ነበር። ዛሬ እፊታችሁ የቆምኩት ግን መሥሪያ ቤቶች እንዲያጠፉት ለመለመን ነው።

የድርጅታችንን የኢሜይል ሰርቨር የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። አንዲት ሥራ ፈላጊ ማመልከቻዋን ስትልክ ከአድራሻው አንዲት ፊደል ዘለለች። ሁሉን ተቀባዩን ሳጥን የከፈትኩት ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ደብዳቤዋ በአይፈለጌ መልእክት ክምር ሥር ተቀብሮ ነበር። ከእርሱ በላይ ሌላ አለ፤ «ማመልከቻዬ ደርሷችሁ ይሆን?» ይላል፤ የተላከውም ወደዚያው ወደተሳሳተው አድራሻ ነው። ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል።

ምርጫው ባይበራ ኖሮስ? የላኪው ሰርቨር ደብዳቤውን ከማስረከቡ በፊት የተቀባዩን አድራሻ ይጠራል። በዚያ ስም ሰው ከሌለ የእኛ ሰርቨር 550 የሚል ቁጥር ይመልሳል፣ «የለም» ማለት ነው፤ ላኪዋም ደብዳቤዋ አለመድረሱን ወዲያው ታውቃለች። ፊደሏን አርማ እንደገና ትልክ ነበር። እኛ ግን 250 ብለን መለስንላት፤ «እሺ፣ ተቀብያለሁ» ማለት ነው። ማንም ላላነበበው ደብዳቤ!

አይፈለጌ መልእክት የሚልኩትም ይህን በር ይወዱታል። ስም እየገመቱ ሲልኩ አንዱም ግምት አይመለስባቸውም።

ለግል ዶሜይን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ እኔም እጠቀምበታለሁ። ለእያንዳንዱ ድርጅት የተለየ አድራሻ እሰጣለሁ፤ ለአንዱ ብቻ በሰጠሁት አድራሻ የማላውቀው ሰው ማስታወቂያ ከላከልኝ ከየት እንደወጣ አውቃለሁ፤ ያችን አድራሻ ብቻ እዘጋለሁ። አደራ የምላችሁ ግን የዶሜይኑን ኪራይ ሳታድሱ እንዳትቀሩ ነው። ስሙን ቀጥሎ የሚገዛው ሰው ሁሉን ተቀባዩን ካበራ፣ አድራሻዎቻችሁን አንድ በአንድ ማወቅ አያስፈልገውም። ለእናንተ የሚላከው የይለፍ ቃል መቀየሪያ ሁሉ እርሱ ሳጥን ውስጥ ይገባል።

ከማጥፋታችሁ በፊት በሳጥኑ ውስጥ ያለውን አንብቡ። የኢሜይል ደንብ የሚያስገድደው ፖስትማስተር የተባለው፣ ስለ ኢሜይሉ ችግር ለአስተዳዳሪው የሚጻፍበት አድራሻ መኖሩን አረጋግጡ። ሰዎች ደጋግመው ለሚሳሳቱበት አጻጻፍም ወደ ትክክለኛው ሳጥን የሚያደርስ ተለዋጭ አድራሻ ክፈቱ። እኛ ያችን ፊደል ለጎደላት አድራሻ ከፈትንላት፤ ዛሬም አልፎ አልፎ ማመልከቻ ይመጣበታል፣ የሚያነበውም ሰው አለ።

አመሰግናለሁ።