«ባዶ ክኒን ካሻለኝ ሕመሜ ውሸት ነበር?» የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ማይግሬን ስለሚባለው እየተመላለሰ ስለሚነሳ ከባድ ራስ ምታትና ስለ ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት ስለሌለበት ባዶ ክኒን፣ ከደወላችሁልን ጥያቄዎች ሦስቱን የነርቭ ሐኪሙ እንግዳችን እንዲህ መልሰዋል።

ከአዳማ፦ ዶክተር፣ ማይግሬኔ ሲነሳ ክኒን ከዋጥኩ በአሥር ደቂቃ ቀለል ይለኛል። ባለቤቴ «መድኃኒቱ ገና ከጉሮሮሽ ሳይወርድ? ሐሳብ ነው እንጂ ሕመም አይደለም» ይለኛል። እውነቱን ነው?

ባለቤትዎ ስለ ሰዓቱ ልክ ናቸው፤ ስለ ሕመሙ ግን ተሳስተዋል። የሚዋጥ ክኒን በአሥር ደቂቃ ብዙም አይሠራም። ያ የመጀመሪያው እፎይታ «አሁን ይሻለኛል» ከሚለው ተስፋ የመጣ ሊሆን ይችላል። ተስፋ ግን ሰውነት ውስጥ ሥራ ይሠራል። በ1978 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥርስ ያስነቀሉ ሰዎች ፕላሴቦ ተሰጥቷቸው ነበር። ከተሻላቸው ውስጥ ናሎክሶን የተወጉት ሕመማቸው ባሰ። ናሎክሶን ደግሞ ሞርፊን የሚባለውን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ነው። ሞርፊን ሳይሰጣቸው ምኑን አገደ? አንጎላቸው ራሱ ያመረተውን ሞርፊን መሰል ማስታገሻ ነዋ! ስለዚህ እህቴ፣ ሕመምዎም እውነት ነው፣ እፎይታዎም እውነት ነው።

ከባሕር ዳር፦ በማይግሬን ላይስ ተሞክሯል?

በደንብ! በ2014 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ በ66 ሕመምተኞች ተሞክሯል። ማይግሬኑ ሲነሳባቸው አንዱን ጊዜ ያለ መድኃኒት አሳለፉ። ለሌሎቹ ስድስት ጊዜያት ለእያንዳንዳቸው ስድስት ፖስታ ተሰጣቸው። በሁለቱ ላይ ሪዛትሪፕታን የሚባለው የማይግሬን መድኃኒት ስም፣ በሁለቱ ላይ «ፕላሴቦ»፣ በሁለቱ ላይ «ከሁለቱ አንዱ» ተጽፏል። ተንኮሉ ውስጡ ነው፤ ከየጥንዱ አንዱ እውነተኛ መድኃኒት፣ ሌላው ባዶ ክኒን ይዟል።

«ፕላሴቦ» ተብሎ የተሰጠው እውነተኛ መድኃኒትና በመድኃኒቱ ስም የተሰጠው ባዶ ክኒን ያመጡት ለውጥ ተቀራረበ። በጣም ያሻለው ግን እውነተኛው መድኃኒት በራሱ ስም ሲሰጥ ነው። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው፦ ባዶ መሆኑ በግልጽ ተጽፎበት የተዋጠው ክኒን እንኳ ምንም ካለመውሰድ ተሻለ። ክኒኑን ጠረጴዛ ላይ ወርውረን «ቀጣይ!» የምንል ሐኪሞች ይህን ብናስብበት ደግ ነበር።

ከደሴ፦ እናቴ ራሷን ባመማት ቁጥር ፓራሲታሞል ነው። ሳልነግራት ቫይታሚን ብቀይርላትስ?

ተው ወንድሜ። የነቃች ቀን ከእጅህ ውሃ እንኳ አትቀበልም። ክኒን ታበዛለች ብለህ መስጋትህ ግን ትክክል ነው። ፓራሲታሞልን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ እንደ ሪዛትሪፕታን ያሉትን ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት መውሰድ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። የዋጠችበትን ቀን ካላንደር ላይ ምልክት እያደረግክ ይዘሃት ሐኪም ጋ ሂድ፤ ሕመሙን የሚከላከል መድኃኒት ሊያዝላት ይችላል። ድንገት እንደ መብረቅ የሚመታ ራስ ምታት፣ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፣ ወይም የአንድ ጎን መዛል ካየህ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት።