በሬሳ፣ ኪቩ እና አንድ ካላማዳሪ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ከጀርባዬ የምትሰሙት ጫጫታ ቆርቆሮው ነው፤ ታገሡኝ። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ በሐምሌ ፖድካስት የሚቀዳ ሰው ከዝናቡ ጋር ተራ እየተጠባበቀ ነው የሚያወራው። ጋቢዬን ደርቤያለሁ፣ ሻዬ አጠገቤ ነው፣ ዛሬ እንግዳ የለኝም።

«የሩዋንዳውን ነገር መቼ ነው የምታወራን?» ስትሉኝ ከርማችኋል። እኔም ዛሬ ነገ እያልኩ ስሸሽ። ነገሩ ሩዋንዳ ሄጄ የገባሁበት የትራያትሎን ውድድር ነው፤ የሸሸሁት ስላልጨረስኩት ነው። ይኸው ተናገርኩት፣ ቀለል አለኝ። [ሳቅ]

ትራያትሎን ምን እንደሆነ ለማታውቁ፦ ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ነው፤ በዚሁ ቅደም ተከተል፣ በአንድ ቀን፣ ሰዓቱ ሳይቆም። ረጅሙ ርቀት 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያ ላይ ሙሉ ማራቶን ነው። የተጀመረው ሃዋይ ውስጥ ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1978። ጆን ኮሊንስ የሚባል የባሕር ኃይል መኮንንና ጓደኞቹ «ከዋናተኛ፣ ከብስክሌተኛና ከሯጭ ጠንካራው ማን ነው?» ብለው ሲከራከሩ፣ ደሴቷ ላይ ለየብቻ ይካሄዱ የነበሩ ሦስት ውድድሮችን አንድ ላይ ሰፏቸው። 15 ሰው ጀመረ፣ 12ቱ ጨረሱ። አንደኛ የወጣው ጎርደን ሃለር 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ፈጀበት። ዛሬ ለተራው ሰው 17 ሰዓት ይሰጠዋል። 17 ሰዓት! እኔ እንኳን መሮጥ፣ 17 ሰዓት ሠርግ ላይ መቀመጥም አልችልም።

በእኛ አገር መንገድ ልተርጉምላችሁ። ከደብረ ብርሃን በብስክሌት ትነሳላችሁ፣ ጣርማ በርን ታልፋላችሁ፣ ደብረ ሲናን ጥላችሁ ሸዋ ሮቢት ትወርዳላችሁ። ምሳ የለም፤ ትመለሳላችሁ። 180ው እሱ ነው፣ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከዚያ ጫማ ቀይራችሁ አንኮበር ድረስ በሩጫ። ማራቶኑ ደግሞ እሱ ነው ማለት ይቻላል። እኔ የገባሁት ግማሹን ነው፤ 1.9 ዋና፣ 90 ብስክሌት፣ 21.1 ሩጫ። ሸዋ ሮቢት ወርዶ መቅረት፣ የአንኮበርንም መንገድ እኩሌታ ላይ ማቆም በሉት።

ለዋናው ግን ከሰፈሬ መለኪያ አጣሁለት። እኛ ደገኞች ውኃን የምናውቀው ከላይ ሲወርድ ነው፣ አለዚያም ሰው ሲወስድ።

ልጅ ሆኜ፣ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የጎረቤታችንን ልጅ የበሬሳ ወንዝ ወሰደው። ክረምት ነበር። በሬሳን በበጋ ያየ ሰው አያምንም፤ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለልክ የምታልፈው ነገር ነው። የዚያን ቀን ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ ደፍርሶ መጣ። ልጁ ከብት ሊያሻግር ነው የገባው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ወንዝ ባለበት በኩል በሄድኩ ቁጥር የምትላት አንድ ነገር አለች፦ «ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው»። ተረት እንደምትተርት ሰው አልነበረም የምትለው፤ የዚያን ልጅ ቤት በዓይኗ እያየች ነው።

እና በ34 ዓመቴ፣ 2013 ላይ፣ አዲስ አበባ አንድ መዋኛ ገንዳ ጠርዝ ላይ ቁምጣ ለብሼ ቆሜያለሁ። አጠገቤ የስድስት ዓመት ልጆች። አሠልጣኙ ልጆቹን «ግቡ!» ሲላቸው እንደ እንቁራሪት ጠብ ጠብ ይላሉ። እኔ መሰላሉን ይዤ ነው የምወርደው፣ ያውም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ።

ለምን ጀመርኩት? ጉልበቴን ታምሜ ሩጫ ለጥቂት ወራት አቁም ተባልኩ። ብስክሌት ያዝኩ፣ ወደድኩት። ከዚያ በሩዋንዳ፣ ሩባቩ ላይ፣ ኪቩ ሐይቅ ዳር ውድድር ሊደረግ መሆኑን ሰማሁ። «ሁለቱን እችላለሁ፣ አንዱን ብማር ምናለ?» አልኩ። ከዚህ የበለጠ ምክንያት የለኝም፤ ሰዎች ሌላ ትልቅ ነገር ሲጠብቁብኝ ያሳፍረኛል።

ሁለት ወር ሙሉ መስመጥ ነበር ሥራዬ። የሯጭ እግር ድንጋይ ነው፤ ወደ ታች ይጎትታል። ኋላ አሠልጣኙ ምን እንደሆንኩ ገባው። «አንተ እኮ አየር አታስወጣም» አለኝ። እውነቱን ነው። ጭንቅላቴን ስነክር ትንፋሼን ቆልፌ እይዛለሁ፤ ቀና ስል ደግሞ በዚያች ቅጽበት ማስወጣትም ማስገባትም ያምረኛል። መፍትሔው ውኃ ውስጥ ሆኖ ቀስ እያሉ ማስወጣት ነው፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ እያደረጉ። ለፈራ ሰው ግን ያለችውን አየር ስጥ ማለት፣ በድርቅ ጎተራህን ክፈት እንደማለት ነው።

አንድ የምናዘዘው ነገር አለኝ። በ2008ቱ የሪዮ ኦሎምፒክ የእኛ ዋናተኛ 100 ሜትሩን ከሁሉም ኋላ ሆኖ ሲጨርስ ዓለም ሳቀበት፤ ታስታውሳላችሁ። እኔም ስቄያለሁ። ሥዕሉን ለሰው ሁሉ ልኬያለሁ። ሰዓቱ 1 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ እንኳን አልሞላም ነበር። ከስድስት ወር ልምምድ በኋላ ራሴን ለካሁ፦ 100 ሜትር፣ 2 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ። ያን ቀን ገንዳው ዳር ተቀምጬ ብቻዬን አፈርኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሌሊት ተነስቼ 130 ኪሎ ሜትር በሚኒባስ፣ ላምበረት መናኸሪያ ወርጄ ወደ ገንዳው። በ25 ሜትሩ ገንዳ 1.9 ኪሎ ሜትር ማለት 76 ጊዜ ከዳር እስከ ዳር መዋኘት ነው። ቁጥሩ እየጠፋኝ እደግመዋለሁ። ለእናቴ «ስብሰባ አለብኝ» ነው የምላት። አንድ ዓመት ተኩል ስብሰባ! አንድ ቀን «ይኼ ስብሰባችሁ ፀጉራችሁን ነው እንዴ የሚያጥባችሁ?» አለችኝ። [ሳቅ]

ቢሾፍቱም ሄጃለሁ፤ ባቦጋያ። ገንዳ ውስጥ ከታች የምትከተላት መስመር አለች። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ሐይቅ ውስጥ ከታችህ ያለው ጥቁር ነው፣ በቃ። ጀልባ ቀዛፊ ከፍዬ አጠገቤ ይሄድልኛል። ሰውየው አንድም ቀን አላበረታታኝም፤ ስልኩን ነው የሚነካካው። እንደ እሱ ያረጋጋኝ ግን የለም። የሚያስፈራ ነገር ቢኖር ቀና ይል ነበር አይደል?

ብስክሌቱን በአጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም ያኔም በአጭሩ ነው ያለፍኩት፤ መዘዙ በኋላ ይመጣል። ልምምዱ የሸዋ ሮቢት መንገድ ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ከ1,300 በታች። ከላይ ጣሊያን በሠራው ዋሻ አካባቢ ጉሙ የፊት ጎማህን ይሰውርብሃል፣ እጅህ ደንዝዞ ፍሬን መያዝ ያቅትሃል፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ተቀምጠው እንደ ሽማግሌ ያዩሃል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ቆላ ወርደህ ላብህን ትጠርጋለህ። መውረዱ ጥሩ። መመለሱ... ሲኖትራክ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ እኔ ከጭሱ ኋላ ነኝ። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ደብረ ሲና ድረስ በመጣ ጊዜ መንገዱም ልምምዱም ቀረ። ከተማችን በተፈናቀለ ሰው ሞልታ ስለ ብስክሌት ማሰብ ነውር ነበር፤ እኔም አላሰብኩም። የተመለስኩት ወራት ቆይቼ ነው።

ጎማ ሲፈነዳስ? ሰፈሬ ጎሚስታ አለ። አንድ ወጣት ልጅ ነው። ብስክሌቷን እሰጠዋለሁ፣ ቡና እጠጣለሁ፣ ተመልሼ እወስዳለሁ። «ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳ ላሳይህ» ይለኝ ነበር። እኔ እቴ! ውኃ የሚያህል ጠላት እያለብኝ ስለ ካላማዳሪ ማን ያስባል?

ምግቡ ላይ ግን እኮራለሁ። በውድድር ቀን በየሰዓቱ ኃይል የሚሰጥ ነገር ካልወሰድክ ጉልበትህ ያልቃል። ፈረንጆቹ በትንንሽ ከረጢት የታሸገ ዝልግልግ ነገር ይመጥጣሉ፤ ዋጋውን ስሰማ በበሶ ለመቀጠል ወሰንኩ። የእኛ የገብስ በሶ፣ ስኳርና ቁንጥር ጨው ገብቶበት የተበጠበጠ። ችግሩ ይዘቅጣል። ኮዳው አፍ ላይ ይደፈንና ብስክሌት ላይ ሆነህ እንደ ሕፃን ትጠባለህ፣ ምንም አይወጣም። መጨረሻ ላይ በወንፊት ሁለቴ ነፋሁት፣ በስኳሩ ፋንታ ማር አደረግሁበት። ጊዜው ፍልሰታ ስለነበር ከጥሉላት መራቁ አልከበደኝም። ሰዓቱን መጾም ግን አልቻልኩም፤ እሱ አሁንም ቅር ይለኛል።

ነሐሴ 2014፣ ሩባቩ። ደረስኩ። ሆቴል ገብቼ የሠራሁት ስሕተት ስለ ሐይቁ ማንበብ ነው። ኪቩ ከጥልቁ ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባሉ ጋዞች ታምቀውበታል ይላል። ማታውን አልተኛሁም። ጠዋት የብስ ላይ ቆሜ እግሬ ይንቀጠቀጣል። አጠገቤ ያለ ሰው ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። «ኢትዮጵያ» ስለው ፊቱ በራ፦ «እንግዲያው ሩጫው ላይ አንደኛ ነህ!» አለኝ። እንደሱ ያሉኝ ብዙ ናቸው። ጥፋታቸው አይደለም። አበበ ቢቂላ የተወለደው ጃቶ ነው፣ እዚሁ ሸዋ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸንፎ የዓለምን ሰው ስለ እኛ አንድ ነገር አስተማረው፤ እኔ ያንን በ36 ዓመቴ ማስተባበል አልችልም።

ውኃው ውስጥ ገባሁ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እግርና ክርን ናቸው። አንዱ መነጽሬን በተረከዙ መታኝ፣ ውኃ ገባበት። እዚያ ላይ እናቴ መጣች፤ ድምፅዋ ማለቴ ነው። እያሳሳቀ... እያሳሳቀ... እናም ምን አደረግሁ? አየሬን ለቀቅሁ። ቡልቅ። ሰው ሁሉ እስኪያልፈኝ ጠበቅሁ። የፈሪ አዋዋኝ ነበር፣ ከዳር፣ ብቻዬን፣ አስተማማኙን ጀልባ እያየሁ። በ52 ደቂቃ ወጣሁ። የብሱን ስረግጥ አለቀስኩ፤ ከፊቴ ገና 111 ኪሎ ሜትር እንዳለ ረስቼዋለሁ።

ብስክሌቱ ላይ ከፍታው ለእኔ ጨዋታ ነበር። ሐይቁ 1,460 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ለወረደ ሰው አየሩ ይጠገባል። ዳገቱን ሰው እያለፍኩ ነበር። ከዚያ የኋላ ጎማዬ ፍስስስ።

ቆምኩ። ትርፍ ካላማዳሪ አለኝ። ማውለቂያው አለኝ። የማላውቀው አጠቃቀሙን ነው። ሕጉ ከውጭ ሰው እርዳታ መቀበልን ይከለክላል። መንገድ ዳር የቆሙ ልጆች መጡ። አንዱ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በእጁ እንዴት እንደሚደረግ ያሳየኛል፤ እንዳይነካ ደግሞ አስተናባሪዋ ቆማለች፣ እያዘነችልኝ። የመጀመሪያውን ካላማዳሪ ስከት ጎማው ቆንጥጦት ቀደድኩት። ለጥፌ እንደገና። 40 ደቂቃ! ልጁ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ።

ለብስክሌቱ የተሰጠው ሰዓት ካለፈ ከ11 ደቂቃ በኋላ አስረከብኩት። እግሬ ላይ ያለውን የሰዓት መመዝገቢያ ቺፕ በትሕትና ፈቱልኝ። የሩጫ ጫማዬ በተውኩበት ቦታ፣ ካልሲው ውስጡ እንደተጠቀለለ። ሁሉም የጠበቀብኝን ነገር አንድ እርምጃ ሳልሮጥ ተመለስኩ። ሁለት ዓመት የፈራሁት ውኃ አሳለፈኝ፣ ጎማ ጣለኝ። የናቁት ወንድ ያስረግዛል ይላል ያገራችን ሰው። [ሳቅ]

ቤት ስመለስ ለእናቴ ነገርኳት። ሁሉንም፤ ስብሰባውንም ጭምር። ብስክሌቱን አልጠየቀችኝም፣ መጨረስ አለመጨረሴንም። «ውኃው ምን ያህል ነበር?» አለችኝ። «ከዚህ ሥላሴ ደርሶ መልስ ያህላል» አልኳት። ዝም አለች። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ጎረቤት እያየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሷ እንዳትሰማ» አለችኝ። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ፣ የልጁን እናት ማለቷ ነው። እኔም ይኼን ስቀዳ ድምፄን ዝቅ ያደረግሁት ለዚያ ነው፤ ቤታችን ግድግዳ ነው የሚለየን።

አሁን እሑድ እሑድ ጎሚስታው ጋ እሄዳለሁ። ልጁ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስልኩን አውጥቶ ሰዓት ይይዝልኛል። ጎማ ማውለቅ፣ ካላማዳሪ መቀየር፣ መንፋት። ባለፈው ሳምንት 9 ደቂቃ ከ20። እሱ በ3 ደቂቃ ነው የሚጨርሰው፤ አንዴ ቡናውን ሳያስቀምጥ ሠርቶ አሳይቶኛል።

ዝናቡ ጋብ አለ መሰለኝ። ሳይመለስ ልዝጋው። ደህና እደሩ።