ከኋላ የሚዘጋ መንገድ

እንዴት ናችሁ ወዳጆቼ? ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ የስልክ ጌም ነው የማወራችሁ። እዚሁ ሀዋሳ የተሠራች ናት። የሠራት ልጅ ተማሪ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ጌሟም ገና ለሕዝብ አልወጣችም። በቴሌግራም ለምንቀርበው ሰዎች ላከልንና «ተጫወቱና የተሰማችሁን ንገሩኝ» አለን።

ጌሟ ሜዝ ናት፣ ማለትም በግድግዳ የተከፋፈለ የሚያደናግር የመንገድ ጥልፍልፍ። አሥር በአሥር፣ 100 ክፍል። ከአንዱ ጥግ ተነስታችሁ ሌላው ጥግ ላይ ያለው በር ጋ መድረስ ነው ሥራችሁ። ልዩ የሚያደርጋት ግድግዳዎቹ አርፈው አለመቀመጣቸው ነው። ጥቂት ስትራመዱ አንድ ቦታ ግድግዳ ይነሳል፣ ሌላ ቦታ ይቆማል። አሁን ያለፋችሁበት መንገድ ስትመለሱ ላይኖር ይችላል።

እኔ በጣም ወድጃታለሁ። ይሄን አስቀድሜ ልበል።

ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ግን ተጫዋቾች ስለምንሰጠው አስተያየት ነው። መጀመሪያ አካባቢ ለልጁ የሚደርሰው መልስ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። «አሪፍ ነው»፣ «በርታ»፣ «ትችላለህ»። ይሉኝታችንን ታውቁታላችሁ። ሰው ለፍቶ የሠራውን ፊት ለፊት መንቀፍ ይከብደናል። ባህሉ ደግ ነው፣ አልጠላውም። ግን ልጁ «በርታ» ሲባል የቱን ግድግዳ ያስተካክል? ሌሎቹ ደግሞ «ከበደኝ» ብለው ዝም አሉ። እሱም ይሄን ሰምቶ ጌሟን አቀለላት፣ ክፍሎቹን ቀነሰ። ሰው አሁንም «ከበደኝ» አለ።

ነገሩን የፈታው አንድ ባጃጅ የሚነዳ ወዳጃችን ነው። ተራ እየጠበቀ ነበር የተጫወተው። እንዴት አየኸው ሲባል ጥሩ ነው መጥፎ ነው አላለም። የሆነውን እንዳለ ተረከው። «ወደ ቀኝ ሄድኩ፣ ዝግ ነው። ልመለስ ብዬ ስዞር የመጣሁበትም ተዘግቷል። መቼ እንደተዘጋ አላየሁም። ከዛ ተውኩት።» ቀጠለና ደግሞ እንዲህ አለው፦ «ወንድሜ፣ መንገድ ይዘጋል፣ እኛ ለምደነዋል። ሲቆፈር እያየሁ ከሆነ በሌላ እዞራለሁ። ከገባሁ በኋላ ከኋላዬ ሲዘጋ ግን ተጫወቱብኝ ነው የምለው።»

ልጁ ይሄን ሲሰማ ትንሽ ተከፋ። «መውጫ እኮ ሁልጊዜ አለ» አለ። እውነቱን ነው። ሒሳቡን በደንብ ነው የሠራው። በዚህ ሜዝ ውስጥ ከየትኛውም ክፍል ወደ የትኛውም ክፍል መንገድ አለ፣ ያውም አንድ ብቻ። እንዲህ ዓይነት ሜዝ 100 ክፍል ካለው ክፍት መተላለፊያው የግድ 99 ነው። አንድ ግድግዳ ስታነሱ የሆነ ቦታ ዞሮ የሚገጥም መንገድ ይፈጠራል። ከዚያው ዙር ላይ አንዱን መተላለፊያ ስትዘጉ ዙሩ ይቆረጣል፣ የትኛውም ክፍል ግን ተነጥሎ አይቀርም። መተላለፊያው ተመልሶ 99 ይሆናል። ወረቀት ላይ ሞክሩት፣ ደስ ይላል። ስለዚህ ባጃጅ ነጂው ወዳጃችን በፍጹም አልታሰረም። የሆነ ቦታ ላይ ሌላ መንገድ ተከፍቶለት ነበር። ግን አላየውም። ሲዘጋም አላየ፣ ሲከፈትም አላየ።

እኔ እንደሚመስለኝ ያ ሁሉ «ከበደኝ» ይሄ ነበር። ሰው የተቸገረው በመንገዱ መቀየር አልነበረም፤ እሱ በሌለበት በመቀየሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ላቢሪንዝ የሚባል የጀርመን የገበታ ጨዋታ አለ። 34 ተንቀሳቃሽ የመንገድ ካርዶች አሉት፣ 33ቱ ገበታው ላይ ይሆናሉ፣ አንዷ ትተርፋለች። የተረፈችውን በአንድ ጎን ስትገፏት ረድፉ በሙሉ ይንሸራተትና በሌላው ጎን አንዷ ትወጣለች። መንገዱ በየተራው ይቀየራል። ግን ሁሉም ሰው ዓይኑ እያየ፣ በእጅ እየተገፋ ነው የሚቀየረው። ገበታው ሸወደኝ ብሎ የሚያማርር የለም።

ለልጁ ሌላም የነገርኩት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1950 ክሎድ ሻነን የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ቴሴየስ ብሎ የሰየማትን በማግኔት የምትንቀሳቀስ አይጥ ሠርቶ ነበር። 25 ክፍል ባለው ሜዝ ውስጥ ትለቀቃለች። እየሞከረች መንገዱን ትማራለች። የምታስታውሰው ግን ራሷ አይደለችም፤ ከሜዙ ሥር የተደረደሩ የስልክ ሪሌዎች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች ናቸው። ግድግዳዎቹ ተነቅለው ሌላ ቦታ ሊተከሉ ይችላሉ። ያን ጊዜ አይጧ የምታውቀው ቦታ እስክትደርስ ድረስ ትፈልጋለች። ከደረሰች በኋላ የለመደችውን መንገድ ይዛ ትሄዳለች።

የምታውቀው ቦታ! የልጁ ጌም ውስጥ የሌለው ይሄ ነው። ሁሉም ክፍል ግራጫ፣ ሁሉም ጥግ አንድ ዓይነት። ሀዋሳ ውስጥ መንገድ ብትጠይቁ «ገብርኤልን ይዛችሁ ወደ ሀይቁ ውረዱ» ነው የሚሏችሁ። ታቦር ተራራ ደግሞ ቀና ስትሉ አለ። መንገዱ ቢቆፈር ገብርኤል ከቦታው አይነሳም። ለጌሟም ሁለት ሦስት የማይነቃነቁ ነገሮች ስጣት አልኩት። ዋርካ ይሁን፣ ቦኖ ውሃ ይሁን፣ ምንም ይሁን።

ልጁ ሰሚ ነው። አዲሱ ስሪት ላይ ግድግዳው ከመንቀሳቀሱ በፊት ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ስልኩም ንዝር ይላል። ድምፅ ብቻ ቢሆን ኖሮ አይበቃም ነበር፤ ብዙ ሰው የሚጫወተው ድምፅ አጥፍቶ ነው። መሀል ላይ ዋርካ ተተከለ። ክፍሎቹም ወደ 100 ተመለሱ። ከባዷ ጌም እንደገና ከባድ ሆነች ማለት ነው። «ከበደኝ» የሚለው ግን ቀረ። ባጃጅ ነጂያችን አሁን ሲሸነፍ «አየሁት እኮ፣ ቀደመኝ!» ነው የሚለው። እንደገናም ይጀምራል።

አሁን የቀረን አንድ ጭቅጭቅ ነው። አንዲት የጎረቤት ልጅ ስትጫወት አጠገቧ ተቀምጬ አየኋት። መንገድ ሲዘጋባት አትዞርም። እዚያው ሁለቱ ክፍሎች መሀል ወዲያ ወዲህ ትመላለሳለች። ግድግዳ የሚቀየረው በእርምጃ ስለሆነ፣ የምትፈልገው እስኪከፈት ትጠብቃለች ማለት ነው። ማንም አላስተማራትም። ጠይቄያት ቢሆን «ጥሩ ነው ጋሼ» ብላኝ ታልፍ ነበር።

ልጁ ይሄን ሊከለክል ነው። አዲስ ክፍል የተረገጠበት እርምጃ ብቻ ይቆጠር ይላል። እኔ ተው እባክህ እያልኩት ነው። ልጅቷ የጌሟን ሕግ ከማናችንም በላይ ገብቷታል። መጠበቅ ከባድ እንዲሆን ከፈለገ ጊዜ ይቁጠርባት እንጂ ያገኘችውን ብልሃት አይንጠቃት። እስካሁን አልተስማማንም። በሁለቱም መንገድ ሠርቶ ሊልክልኝ ነው፤ ሁለቱንም ለልጅቷ እሰጣትና እንዴት እንደምትጫወት አያለሁ። እስከዚያው ደህና ሁኑልኝ።