በሁለት ባስባር መሃል ያለው አየር

የተከበራችሁ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች፣ ውድ ሠልጣኞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አየር ነው። ፓነል ውስጥ በሁለት ባስባሮች፣ ማለትም ኃይል በሚያከፋፍሉት የብረታ ብረት ዘንጎች፣ መሃል ስላለው አየር። የሽቦ ሽፋን ሲላጥ ሁላችንም እንደነግጣለን። አየሩ ሲጠብ ግን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። እሱም እንደ ሽፋኑ ሰው ይጠብቃል።

«ለ230 ቮልት ስንት ርቀት ይበቃል?» ተብዬ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። የ230 ቮልት ጫፉ፣ ማለትም ሞገዱ የሚደርስበት ከፍተኛ ቮልት፣ 325 ገደማ ነው። ለእሱ ብቻ ቢሆን አንድ ሚሊሜትር ይተርፋል። ችግሩ ድንገት የሚመጣው ነው። መስመሩ አጠገብ መብረቅ ሲወድቅ ወይም ትልቅ ሞተር ሲጠፋ፣ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ብዙ ሺህ ቮልት ሊያልፍ ይችላል። አይኢሲ 60664-1 የተባለው ደረጃ ርቀቱን የሚያሰላው በዚህ ነው። በ230/400 ቮልት መስመር፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ ዕቃ ድንገት የሚመጣ 2500 ቮልት መቻል አለበት፤ ትንሹ ርቀት 1.5 ሚሊሜትር ነው። ማከፋፈያ ፓነል 4000 ቮልት፣ 3 ሚሊሜትር። መስመሩ ሕንፃ የሚገባበት ቦታ 6000 ቮልት፣ 5.5 ሚሊሜትር።

እነዚህ ቁጥሮች እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ድረስ ናቸው። ከዚያ በላይ አየሩ ይሳሳል። ኤሌክትሮን ሳይጋጭ ርቆ ይሮጣል፣ ጉልበት ያጠራቅማል፣ ሲጋጭም ሌላ ኤሌክትሮን ይፈነቅላል። ስለዚህ 4000 ሜትር ላይ ርቀቱ በ1.29 ይባዛል። ሦስቱ ሚሊሜትር ወደ አራት ይጠጋል ማለት ነው። ደጋ ላይ የምትሠሩ ይህን አትርሱ።

ባስባሮቹን በያዘው ፕላስቲክ ገጽ ላይ የሚለካው ርቀት ሌላ ጉዳይ ነው። አቧራና እርጥበት በዋናነት የሚጎዱት እሱን ነው።

አሁን ወደ እጃችን ሥራ ልምጣ፤ በጣም የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካው 8 ሚሊሜትር ትቶ ሊሆን ይችላል። እኛ ኬብል ስናስር አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ከተርሚናሉ፣ ኬብሉ ከሚታሰርበት ቦታ፣ ውጭ ትቀራለች። ወደ ጎረቤቱ ፌዝ ትዘረጋለች። ስምንቱ ሁለት ሆነ። ጫፏ ሹል ስለሆነ ደግሞ የኤሌክትሪክ ጫናው እዚያው ይከማቻል። በ500 ቮልት ሜገር፣ በኢንሱሌሽን መፈተሻው መሣሪያ፣ ብትፈትሹት ደህና ነው ይላችኋል፤ 500 ቮልት ሁለት ሚሊሜትር አየር አይሰብርምና። ይህችን ክር የሚያገኛት ዓይን ብቻ ነው።

እባካችሁ፣ ክዳኑን ከመግጠማችሁ በፊት፣ ኃይሉ መቋረጡን አረጋግጣችሁ፣ በባትሪ እያበራችሁ እያንዳንዱን ተርሚናል እዩ። ርቀቱን ለኩ። የምትለኩት ግን ብሎኑን ካጠበቃችሁ በኋላ ይሁን፤ ላጉ፣ የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለው ማሰሪያ ብረት፣ ዞሮ ወደ ጎን የሚጠጋው ስታጠብቁት ነው።

አመሰግናለሁ።