በግንቡ ሥራ መሀል የተጠራ ስብሰባ፦ የዓመታዊ ጉባኤ መክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሩቅ የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ። እንኳን ለዚህ ቀን አደረሰን።

እንደምታውቁት ዘንድሮ በጥናት ጊዜያችን ስናነብ የከረምነው ዕዝራን፣ ነህምያን፣ ሐጌን፣ ዘካርያስንና ሚልክያስን ነው። አምስቱም ስለ አንድ ዘመን ይናገራሉ። አይሁድ ከባቢሎን ምርኮ ተመልሰው እንደገና ሕዝብ ለመሆን ስለታገሉበት ዘመን። የዛሬው ንግግሬም ከዚያው ይነሳል። ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ የምንወያይበት አንድ ከባድ ጉዳይ አለ፤ መዋጮ ስለተወዘፈባቸው አባሎቻችን። ወደዚያ ከመግባታችን በፊት እነዚያ ሰዎች ምን እንዳደረጉ ብናስታውስ ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ።

ኢየሩሳሌም በባቢሎን ንጉሥ በናቡከደነፆር እጅ የወደቀችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ ነው። ቤተ መቅደሱ ተቃጠለ፣ ቅጥሩ ፈረሰ፣ ሕዝቡ ተጋዘ። በ539 የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ባቢሎንን ያዘና ብዙም ሳይቆይ አይሁድ አገራቸው ገብተው የአምላካቸውን ቤት እንዲሠሩ ፈቀደ። ዕዝራ ምዕራፍ 2 የተመላሾቹን ቁጥር 42,360 ይለዋል። ብዙዎች ግን እዚያው ቀሩ። ቤት ሠርተዋል፣ ወልደዋል፣ ልጅ ድረዋል። አልፈርድባቸውም። የተመለሱት ደግሞ የጠበቃቸው ፍርስራሽ ነው። ንጉሥ የላቸውም። ግብር የሚከፍሉት ለፋርስ ነው። ጎረቤቶቻቸውም በደስታ አልተቀበሏቸውም።

መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ልቤን ይነካዋል። የቤተ መቅደሱን መሠረት ሳይጥሉ በፊት መሠዊያውን አቆሙ። መጽሐፉ በዙሪያቸው ካሉት አሕዛብ የተነሳ ፈርተው እንደነበር አይደብቅም። ፍርሃቱ እስኪያልፍ አልጠበቁም፤ እየፈሩ ሠሩ። በኋላ መሠረቱ ሲጣል የቀድሞውን ቤት በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ድምፃቸውን አውጥተው አለቀሱ። ሌሎቹ በደስታ እልል አሉ። ከሩቅ ለሚሰማ ሰው ለቅሶውን ከእልልታው መለየት አልተቻለም።

ከዚያ ሥራው ቆመ። ለዓመታት ቆመ። ተቃዋሚዎች ነበሩ፣ እውነት ነው። ነገር ግን በ520 ነቢዩ ሐጌ ሲነሳ ስለ ተቃዋሚዎቹ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሕዝቡ «ጊዜው ገና ነው» ይል ነበርና እሱ ያነሳው የራሳቸውን ቤት ነው። የእግዚአብሔር ቤት ፈርሶ ሳለ እናንተ ባማሩ ቤቶቻችሁ የምትቀመጡበት ጊዜ ነው ወይ አላቸው። ብዙ ዘራችሁ፣ ጥቂት አስገባችሁ። ደመወዝ የሚቀበለው ሰው በቀዳዳ ከረጢት ውስጥ እየከተተው ነው አላቸው።

እዚህ ላይ ቀኖቹን ልብ በሉልኝ። ሐጌ የተናገረው በስድስተኛው ወር በመጀመሪያው ቀን ነው። ሥራው የተጀመረው በዚያው ወር በ24ኛው ቀን ነው። አንድ ወር እንኳ አልሞላም። ቅደም ተከተሉንም እዩ። መጀመሪያ የይሁዳ አገረ ገዥ ዘሩባቤልና ሊቀ ካህናቱ ኢያሱ ከሕዝቡ ጋር የእግዚአብሔርን ቃል ሰሙ፣ ታዘዙ ይላል። «እኔ ከእናንተ ጋር ነኝ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የምንጠብቀው ሌላ ነው። መጀመሪያ ምልክት ይምጣ፣ መጀመሪያ ገንዘቡ ይሙላ፣ ከዚያ እንነሳለን እንላለን። እነሱ እጃቸው ላይ ምንም ሳይኖር ተነሱ። ቤተ መቅደሱም በ515 አለቀ።

ቤቱ ቆመ። ሕዝቡ ግን ገና ነበር። ሰባ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ445፣ ነህምያ ከፋርስ ንጉሥ ከተማ ከሱሳ ሲመጣ ቅጥሩ እንደፈረሰ፣ በሮቹም እንደተቃጠሉ አገኛቸው። ነህምያ ካህን አይደለም፣ ነቢይም አይደለም። የፋርሱ ንጉሥ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ማለት ነው።

የመጽሐፈ ነህምያን ምዕራፍ 3 ብዙ ሰው የስም ዝርዝር ነው ብሎ ይዘለዋል። እባካችሁ አትዝለሉት። ማን የትኛውን ቁራጭ እንደሠራ በስም ተጽፏል። ወርቅ አንጥረኞች አሉ። ሽቱ ቀማሚ አለ። እጃቸው ድንጋይ የለመደ አይደለም። ሰሎም የሚባል ሹም ከሴት ልጆቹ ጋር ሆኖ ሠራ ይላል። ብዙዎቹ የሠሩት በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ነው። የቴቁሐ ሰዎችም ሠሩ፤ መኳንንቶቻቸው ግን አንገታቸውን ለሥራው ዝቅ አላደረጉም ይላል። ይኸው እስከ ዛሬ ይነበብባቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ምዕራፍ 5።

ግንቡ ገና ሳያልቅ ጩኸት ተነሳ። ጩኸቱ ግንቡን ይቃወም በነበረው በሰንባላጥ ላይ አይደለም። በተባባሪው በጦብያም ላይ አይደለም። ሕዝቡና ሚስቶቻቸው በወንድሞቻቸው በአይሁድ ላይ ጮኹ። አንዳንዶቹ «ልጆቻችን ብዙ ናቸው፣ በልተን እንድንኖር እህል እንፈልጋለን» አሉ። ሌሎቹ ከራቡ የተነሳ እርሻቸውን፣ ወይናቸውንና ቤታቸውን በመያዣነት ሰጥተዋል። ሌሎቹ ደግሞ ለንጉሡ ግብር ገንዘብ ተበድረዋል። «ሥጋችን እንደ ወንድሞቻችን ሥጋ ነው፣ ልጆቻችንም እንደ ልጆቻቸው ናቸው» አሉ። ከሴት ልጆቻቸው መካከል ለባርነት የተሰጡ ነበሩ። ማስመለሻ አቅም የላቸውም፤ እርሻው በሌላ ሰው እጅ ነው።

አስቡት እስቲ። እነዚህ ሰዎች ከባርነት አገር የመጡ ናቸው። አያቶቻቸው የተሸጡ፣ የተጋዙ ናቸው። አሁን ደግሞ አገራቸው ገብተው፣ ቤተ መቅደሳቸው ቆሞ፣ መሥዋዕቱ እየቀረበ፣ የወንድማቸውን ልጅ በዕዳ ይይዛሉ። ከድሃ ወንድምህ ወለድ አትውሰድ የሚለው ትእዛዝ በኦሪት ዘጸአት ተጽፎላቸዋል። አያውቁትም አይባልም። ያልታዘዙት የሚያውቁትን ነው።

ነህምያ ይህን ሲሰማ እጅግ ተቆጣ። ግን ወዲያው አልተናገረም፤ በልቤ አሰብሁ ይላል። ከዚያ ታላላቆቹንና ሹማምንቱን ገሠጸና ትልቅ ጉባኤ ጠራ። ጠላት በር ላይ ነው። ሠራተኛው በአንድ እጁ እየሠራ በሌላው መሣሪያ ይዟል። አንድ ዘመናዊ ሥራ አስኪያጅ ቢሆን «አሁን የዕዳ ወሬ የምናወራበት ጊዜ አይደለም፣ ግንቡ ይለቅና እንነጋገራለን» ይል ነበር። ነህምያ ግን ጉዳዩን ለነገ አላሳደረውም።

በጉባኤው ላይ ለአሕዛብ የተሸጡ ወንድሞቻችንን ስንቤዥ ኖረን እናንተ ወንድሞቻችሁን ልትሸጡ ነው ወይ አላቸው። ዝም አሉ። የሚመልሱት አጡ። ቀጥሎም እኔም፣ ወንድሞቼም፣ ብላቴኖቼም ገንዘብና እህል አበድረናል፤ ይህን እንተው አለ። ራሱንም ከውስጥ ጨምሮ ነው የተናገረው። እርሻውን፣ ወይኑን፣ ወይራውን፣ ቤቱን፣ ከገንዘቡና ከእህሉም ከመቶ አንድ እየተባለ የተወሰደውን ሁሉ ዛሬውኑ መልሱላቸው አለ። «እንመልሳለን፣ ከእነሱም ምንም አንሻም» አሉ። ካህናቱን ጠርቶ አስማላቸው። ልብሱንም አራገፈ፤ ይህን ቃል የማይፈጽመውን ሰው እግዚአብሔር እንዲህ ከቤቱና ከሥራው ያራግፈው አለ። ጉባኤው ሁሉ አሜን አለ። መጽሐፉ በዚህ አያበቃም። ሕዝቡም እንደዚህ ቃል አደረጉ ይላል።

ለእኔ የዚያ ዘመን ታሪክ ልቡ እዚህ ነው። ግንቡ በ52 ቀን ማለቁን ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን፤ እሱ ያለው ምዕራፍ 6 ላይ ነው። ምዕራፍ 5 ባይቀድመው ኖሮ ያ ግንብ ድሃውን ከሰንባላጥ ጋርዶ ለአበዳሪው ያስረክበው ነበር። ነህምያ ራሱም 12 ዓመት አገረ ገዥ ሆኖ ሲኖር የአገረ ገዥነቱን ቀለብ ከሕዝቡ አልወሰደም። 150 ሰው በማዕዱ ይመገብ ነበር። ምክንያቱንም ጽፎታል፦ በሕዝቡ ላይ ያለው ጫና ከባድ ነበረ።

ከዚህ በኋላ ነው የምዕራፍ 8 ታላቅ ቀን የመጣው። በሰባተኛው ወር በመጀመሪያው ቀን ሕዝቡ በውኃ በር ፊት ባለው አደባባይ ተሰበሰበ። የሕጉን መጽሐፍ አምጣልን ብለው ካህኑንና ጸሐፊውን ዕዝራን የጠየቁት እነሱ ናቸው። ዕዝራ በእንጨት መድረክ ላይ ቆሞ ከማለዳ እስከ ቀትር አነበበ። ሌዋውያን ለሕዝቡ ትርጉሙን አስረዱ። ሕዝቡ አለቀሰ። ሂዱ፣ የሰባውን ብሉ፣ ጣፋጩን ጠጡ፣ ምንም ላላዘጋጀውም እድል ፈንታውን ላኩ ተባሉ። ያ «ላላዘጋጀው ላኩ» የሚለው ቃል የምዕራፍ 5 ልጅ ነው።

ይህ ቀን በእኛ አገር ተራራ ላይ ሲኖር የኖረ ቀን ነው። ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን በስግድ በዓላቸው ጠዋት እየጾሙ ወደ ተራራ ይወጣሉ። ቄሶቹ ባለቀለም ጥላ ተይዞላቸው ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ። የሲና ቃል ኪዳን ይነበባል፤ የነህምያም ቃል ይነበባል። ግዕዙ ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ይተረጎማል፣ ልክ ሌዋውያን እንዳደረጉት። ከዚያ ወርደው ጾማቸውን ይፈታሉ፣ ይበላሉ፣ ይዘፍናሉ። በጎንደር አምቦበር የሚታወቅ ቦታቸው ነበር። ዛሬ ከሥርየት ቀን (ዮም ኪፑር) በኋላ በሃምሳኛው ቀን ኢየሩሳሌም ላይ ያከብሩታል፤ የእስራኤል ፓርላማም እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ አውቆታል። ኢየሩሳሌምን ለማየት ሲናፍቁ የኖሩ ሰዎች የነህምያን ጉባኤ ከዓመት ዓመት ይዘው ቆዩ። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

አንድ ከባድ ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። ዕዝራ ምዕራፍ 10 ላይ ሕዝቡ በዝናብ እየተንቀጠቀጠ የባዕድ አገር ሚስቶቹን ለማሰናበት የወሰነበት ታሪክ አለ። አንዳንዶቹ ሴቶች ልጆች የወለዱ ነበሩ። ይህን ታሪክ ይዞ ሰውን ከቤት የሚያባርር ካለ፣ ያው መጽሐፍ ቅዱስ ሞዓባዊቷን ሩትን እንደያዘና በኢሳይያስ 56 ቤቴ ለአሕዛብ ሁሉ የጸሎት ቤት ይባላል እንደሚል አብሮ ያንብብ። ለጥንቃቄ የተጻፈውን ለጭካኔ አናውለውም።

ደግሞም እነዚያ ሰዎች ቃል ከገቡ በኋላ ወደኋላ ተመልሰዋል። ነህምያ ወደ ንጉሡ ሄዶ ሲመለስ ጦብያ በቤተ መቅደሱ አደባባይ ክፍል ተሰጥቶት አገኘ። ዕቃውን አውጥቶ ጣለው። ሌዋውያን ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው ወደየእርሻቸው ሄደው ነበር። በሰንበት የጢሮስ ነጋዴዎች ዓሣ ይሸጡ ነበር። መታደስ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚቀመጥ ነገር አለመሆኑን ምዕራፍ 13 ያሳያል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ልምጣ። ማኅበራችን የጥናት ማኅበር ነው፤ የመረዳጃም ማኅበር ነው። የአዳራሽ ግንባታ ዕቅዳችን በእጃችን አለ፣ ደስ ብሎናል። ነገር ግን መዋጮ ተወዝፎባቸው፣ በውዝፉ ላይ ቅጣት ተጨምሮባቸው፣ ከዚያ የተነሳ መምጣት ያቆሙ ወንድሞችና እህቶች አሉን። ሥራ ያጡ አሉ። በሽተኛ የሚያስታምሙ አሉ። ለብድር የቤት ዕቃ በመያዣ ያስያዙም አሉ። ስማቸውን እዚህ አልጠራም። ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ወንበራቸው ባዶ ነው።

ሥራ አስፈጻሚው ለጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ቅጣቱ ሙሉ በሙሉ ይሰረዝ። በመያዣ የተያዘ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ። ዋናው ውዝፍ እንደየአቅማቸው፣ በስምምነት ይከፈል፤ መክፈል የማይችለው ዕዳው ይተውለት። ለእያንዳንዳቸውም ሁለት ሁለት ሰው ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይጥራቸው። ደብዳቤ አይበቃም።

«ደንብ ደንብ ነው፣ በጊዜው የከፈለውስ ምን ይባላል?» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። መዋጮ ይቅር አላልኩም። ነህምያ ምዕራፍ 10ን ክፈቱ። እነዚያው ዕዳ የማሩ ሰዎች ለቤተ መቅደሱ አገልግሎት በየዓመቱ ሰቅል የሚባለውን የብር ገንዘብ ሢሶ ሊከፍሉ በራሳቸው ላይ ሥርዓት አቆሙ፤ የመሠዊያውንም እንጨት በዕጣ ተከፋፈሉ። በዚያው ቃል ኪዳን ደግሞ በሰባተኛው ዓመት ዕዳን ሁሉ እንተዋለን ብለው ፈረሙ። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ አስቀመጧቸው። መክፈል የሚችል ይክፈል፣ የወደቀውን ደግሞ እናንሳው። አዳራሹ አንድ ዓመት ቢዘገይ ልንታገሥ እንችላለን።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ይህ አጀንዳ ከግንባታው አጀንዳ በፊት እንዲታይ ጠይቄአለሁ። የአጀንዳው ቅደም ተከተል ላይ ሐሳብ ያለው አሁን ይናገር። ከዚያ ጸሐፊያችን የዓመቱን ሪፖርት ያቀርባሉ፤ የመያዣዎቹም ዝርዝር በገንዘብ ያዣችን እጅ ስላለ ከምሳ በፊት ለጉባኤው ይነበባል። ጉባኤው ተከፍቷል።