ክንፏን የምታሰጣው ወፍ

[ምስል፦ ጎርጎራ፣ ማለዳ። ድንጋይ ላይ የቆመች ወፍ]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ከጎንደር ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደን ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ነን። እዚያ ድንጋይ ላይ ያለችውን አያችኋት? ደረቷ ነጭ፣ ጀርባዋ ጥቁር። ክንፏን ግራና ቀኝ ዘርግታ ንቅንቅ አትልም። ኮርሞራንት ትባላለች።

ምን እየሠራች ነው? ክንፏን እያሰጣች ነው። እናቶቻችን ብርድ ልብስ አጥበው ፀሐይ ላይ እንደሚያሰጡት።

ዳክዬ ላይ ውሃ ብታፈሱ ኮለል ብሎ ይወርዳል። የእሷ ላባ ግን ጠርዙ ይርሳል፤ ውሃ የማያስገባው መሐሉ ብቻ ነው። መጀመሪያ ስሰማ ጉድለት መስሎኝ ነበር። አይደለም። አየር የያዘ ላባ እንደ ቡሽ ያንሳፍፋል። የራሰ ላባ ግን አየሩን ስለሚለቅ መጥለቁ ይቀላል።

[ምስል፦ ወፏ ትጠልቃለች]

ገባች! ክንፏን ገላዋ ላይ ጥብቅ አድርጋ በእግሯ ትቀዝፋለች። አራቱም ጣቶቿ በቆዳ የተያያዙ ናቸው፤ የዳክዬ ሦስቱ ብቻ። አፍንጫዋ ከውጭ ድፍን ስለሆነ የምትተነፍሰው በአፏ ነው። ዓይኗ ደግሞ ይገርመኛል። እኛ ውሃ ውስጥ ዓይናችንን ስንገልጥ ሁሉም ይደበዝዝብናል። እሷ የዓይኗን ሌንስ በጡንቻ ጨምቃ ቅርጹን ትለውጣለች፤ ቅርብ ያለውን ዓሣ ለይታ ትይዛለች።

ወጣች። ምንቃሯን በደንብ እዩት፤ ጫፉ እንደ መንጠቆ ቆልመም ያለ ነው። ቀረሶ ይዛለች። ግን ወዲያው አትውጠውም። ወርወር አድርጋ ታዞረውና በጭንቅላቱ በኩል ታስገባዋለች። ቀረሶ ያጸዳ ሰው ምክንያቱን ያውቃል። የጀርባው እሾህ የሚተኛው ወደ ጅራቱ ነው። በጅራቱ ቢገባ ጉሮሮዋን ይወጋታል።

ዕንቁላሏን የምታሞቀውም በዚያው በምትቀዝፍበት እግሯ ነው። ወንዱም ሴቷም በየተራ ያቅፋሉ። ጫጩቶቹ ሲርባቸው ጭንቅላታቸውን እናት ወይም አባት ጉሮሮ ውስጥ ከተው ይበላሉ።

«ዓሣችንን ጨረሰችው» የሚላት ሰው አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። ከጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ ሌላ አገር አይገኙም። እነሱን ክፉኛ የጎዳቸው ለመራባት ወደ ወንዝ ሲወጡ የወንዙ አፍ ላይ የሚጠብቃቸው መረብ ነው። እምቦጩም አለ። ውሃው በአረም ከተሸፈነ እሷ በየት በኩል ትጥለቅ?

[ምስል፦ ዳር ላይ ቀጥ ብላ የቆመች ታንኳ]

ይቺን ታንኳ እዩልኝ። የተሠራችበት ደንገል ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል። ስለዚህ ዓሣ አጥማጁ ሲመለስ ጎትቶ ያወጣትና ፀሐይ ላይ ያቆማታል። ከጎኗ ድንጋዩ ላይ ወፏ ተመልሳለች። ክንፏን አራገፈች። ዘረጋችው።